ገና ሲጠብቅ

ወተት ሁለት ጊዜ ሳላሸት አልጠጣም። ከባንክ ደብዳቤ ሲመጣ ፖስታውን ሳልከፍት ወደ መብራት አንስቼ አየዋለሁ። ልጄ ሉሊት «ዳዲ፣ አንተ ኤርፖርት ነበር መቀጠር ያለብህ፤ ሻንጣ የሚያሸቱትን ውሾች ታሳርፋቸው ነበር» ትለኛለች። እዚህ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት። ይህንን በአማርኛ ብትለኝ ኖሮ ቤቱ ይቀወጥ ነበር፤ በእንግሊዝኛ ስለምትለው ያልገባኝ መስዬ አልፈዋለሁ።

ይህን አስቀድሜ የምናገረው ዘውዱን ከመሬት ተነስቼ ጠረጠርኩት እንዳይባል ነው። መጠርጠር ጠባዬ ነው። በዚያ ላይ ማስረጃ ነበረኝ፤ ቢያንስ ያኔ ማስረጃ ነው የመሰለኝ።

ወርቅነህ እባላለሁ። ኮሎምበስ ከገባሁ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ አሥራ አራቱን የሠራሁት ፎክስ ሆሎው በሚባል የበረዶ ሆኪ አሬና ነው። ሥራዬ በረዶ መሥራት ነው። ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ «ኦሃዮ ውስጥ በረዶ በነፃ ከሰማይ ይወርድ የለም እንዴ?» ይለኛል። የእኔ በረዶ ግን ሌላ ነው። ከሥሩ ቀዝቃዛ ቱቦ ይሄዳል፣ ከላይ ሙቅ ውሃ በስሱ ይፈስበታል። ዛምቦኒ የሚሉትን መኪና እየነዳሁ ልጆች በጫማቸው የቧጠጡትን እፍቃለሁ፣ እንደገና አለብሰዋለሁ። በየጠዋቱ በመሰርሰሪያ በስቼ ውፍረቱን እለካለሁ፤ ከወፈረ ይለሰልሳል፣ ከሳሳ ይሰነጠቃል። ሙቁና ቀዝቃዛው ሲፈራረቅበት የቀኝ መዳፌ ተሰነጣጥቆ ቀርቷል፤ ክረምት ሲገባ መጥረጊያ እንኳን ስይዝ ያመኛል። ቢሆንም በረዶዬን እወደዋለሁ። በረዶ ሸር አያውቅም።

ዘውዱ የተቀጠረው በእኔ ዋስትና ነው። ከስድስት ዓመት በፊት፣ ዲቪ ደርሶት በመጣ በሦስተኛው ወር፣ እጁን ይዤ አስገባሁት። በር ይጠግናል፣ አምፖል ይቀይራል፣ መቀመጫዎቹን ያጥባል፤ ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ሪከንባከር የሚባለው የጭነት ኤርፖርት ሄዶ ካርጎ ይጭናል። አርባን ያለፈ ሰው ነው፤ ግን ጋሼ ሳይለኝ አንድ ዓረፍተ ነገር አይጨርስም። ጋሼ በሩ ተከፍቷል። ጋሼ መጥረጊያውን የት አኖሩት? ጋሼ ያቺ ጎማ ተንፍሳለች። አንድ ቀን ሰለቸኝና «አንዳንዴ እንኳን ዝለለው» ብለው፣ «እሺ ጋሼ» አለኝ።

ነገሩ የጀመረው መስከረም ላይ የአሬናው ባለቤት ሁላችንንም ሰብስቦ ሲያነጋግረን ነው። የኮሌጆች ሪጅናል የሆኪ ውድድር የሚካሄድበት አሬና ሊመረጥ ነው አለ። አራት ኮሌጆች ቅዳሜና እሁድ ይፋለማሉ፣ አሸናፊው ወደ አገር አቀፉ ያልፋል፣ ከተማው በእንግዳ ይሞላል። ለመጨረሻ የቀሩት ሁለት ናቸው፤ እኛና ግሮቭ ሲቲ በቅርቡ የተከፈተው አዲሱ አሬና። ባለቤቱ ሳይሸፋፍን ተናገረ። ሪጅናሉ ለእኛ ከሆነ በረዶውን የሚያቀዘቅዘውን አሮጌ ኮምፕሬሰር አስቀይሮ ይቀጥላል። ካልሆነ ሚያዝያ ላይ በሩን ይዘጋል፤ መሬቱን መጋዘን ሊሠሩበት የሚፈልጉ ሰዎች ተዘጋጅተው እየጠበቁ ነው።

እኔ ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። በዚህ ዕድሜ መጋዘን ገብቼ ሳጥን ላነሳ አልችልም። ከዚህ በረዶ ሌላ የማውቀው ሙያም የለኝም። ስለዚህ ከዚያን ቀን ጀምሮ ዓይኔን ከፍቼ መጠበቅ ጀመርኩ። ግሮቭ ሲቲዎች ሀብታሞች ናቸው፤ ሀብታም ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም ብዬ አሰብኩ።

አንድ ሰኞ ጠዋት በኮምፕሬሰሩ ክፍል በር ብቅ ስል ዘውዱ የመኪና ማቆሚያውን በእርምጃ እየለካ አየሁት። ከአጥር እስከ አጥር ይሄዳል፣ ይቆማል፣ እጁ ላይ በእስክሪብቶ ይጽፋል።

«ምን እየለካህ ነው?» አልኩት።

ደነገጠ። «ምንም አይደል ጋሼ፣ ዝም ብዬ እግሬን እያፍታታሁ ነው።»

ቀኑን ሙሉ በእግሩ ሲንከራተት የሚውል ሰው እግሩን የሚያፍታታው ለምንድን ነው? ነገሩ አልጣመኝም። መጋዘን የሚሠሩት ሰዎች ናቸው መሬት የሚያስለኩት ወይስ ግሮቭ ሲቲዎች? ብዬ ሳወጣ ሳወርድ ዋልኩ።

በሳምንቱ ረጅም ከረጢት ተሸክሞ ገባ። ሸራ ነው፣ ቁመቱ ከእሱ ትከሻ ይደርሳል፣ ውስጡ ይንኳኳል። ወደ ዕቃ ክፍሉ ይዞት ገባና ሲወጣ በሩ ላይ የራሱን ጓጉንቸር አንጠለጠለ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ክፍት ሆኖ የማውቀው ክፍል ነው። «ምን አስቀመጥክ?» ስለው «የግል ዕቃ ነው ጋሼ» አለኝና ዓይኑን ወደ ጣሪያው ሰደደ። ዘውዱ ውሸት አይችልበትም፤ ሲዋሽ ጣሪያ ያያል። ያንን ስለማውቅ የባሰ ጠረጠርኩ።

ከሁሉ የባሰው ግን ሂሩት ናት። ሂሩት የዘውዱ ሚስት እህት ናት፤ የምትሠራው የት መሰላችሁ? ግሮቭ ሲቲ አሬና፣ የምግብ መሸጫው ኃላፊ ሆና። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የእሷ መኪና እኛ ግቢ ቆማ አየሁ። የአሬናቸው ስም በትልቁ የተለጠፈበት ጃኬት ለብሳ ከመሪው ኋላ ተቀምጣለች፤ ዘውዱ በመስኮቱ አጎንብሶ ያነጋግራታል። እኔን ስታይ መስታወቱን ዘጋች። ድሮ እኮ ከመኪና ወርዳ ነው ሦስት ጊዜ የምትስመኝ።

ቤት ገብቼ ለሉሊት ነገርኳት። ኮምፒውተሯ ላይ እንዳቀረቀረች «ዳዲ፣ ጀስት አስክ ሂም» አለችኝ። ዝም ብለህ ጠይቀው ማለቷ ነው። ለሷ ነገር ሁሉ ቀላል ነው። ሌባ «ሌባ ነህ ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል? ጠይቄውስ ጣሪያ ቢያይ ምን ልሆን ነው?

ያለኝን ጥርጣሬ ወደ እርግጠኝነት የቀየረው ስልኩ ነው። ዘውዱ ስልኩን ዛምቦኒው አጠገብ ቻርጅ ላይ ትቶ መጸዳጃ ቤት ሊጠግን ሄደ። የሰው ስልክ የማይ ሰው አይደለሁም። ግን ብልጭ ሲል ዓይን ያያል፤ ዓይን ደግሞ ፊደል ካየ ሳያነብ አያልፍም። ከሂሩት የመጣ መልእክት ነው። እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ እንዳይሰሙ አደራ። ቀኑን ስታውቅ ወዲያው ኮል አድርገኝ። ከጠየቁ ገና ነው በላቸው።»

ክው አልኩ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሦስተኛ ላነብ ስል የስልኩ መብራት ጠፋ። ጋሼ እኔ ነኝ። ከኔ የሚደበቅ ነገር አለ። ቀኑ ደግሞ ኮሚቴው የሚመጣበት ቀን ነው፤ ሌላ ምን ቀን አለ? ኮሚቴው በረዶው በዘወትር ቀን እንዴት እንደሚያዝ ለማየት ስለሚፈልግ ቀኑን የሚናገረው ሁለት ቀን ሲቀረው ነው፤ ያንንም ለአሬናችን ማናጀር ብቻ። ግሮቭ ሲቲዎች ቀኑን ቀድመው ቢያውቁ ምን እንደሚያደርጉ አላውቅም፤ ግን የሚያደርጉት ነገር ይኖራል። እኔ ከጠየቅኩ ደግሞ «ገና ነው» ተብዬ ልታለል። ስድስት ዓመት ጋሼ ጋሼ ያለኝ ሰው!

በማግሥቱ፣ ማክሰኞ፣ ማናጀሩ ቢሮው ጠራኝና በሩን ዘጋ። ኮሚቴው ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ይመጣል አለኝ፤ እሱ ዘጠኝ ሰዓት ነው ያለው፣ በእኛ ሦስት ማለት ነው። በረዶውን አደራ አለኝ። ልወጣ ስል «ለዘውዱም ንገረው፣ እሱ የግድ ማወቅ አለበት» አለ።

የግድ? አምፖል የሚቀይር ሰው ለምንድን ነው የግድ ማወቅ ያለበት? ወይስ ማናጀሩንም አታሎታል? ደረጃውን ስወርድ ዘዴው መጣልኝ። ቀኑን አርብ እለዋለሁ። ሐሙስ ኮሚቴው በሰላም መጥቶ በሰላም ይሄዳል። አርብ ደግሞ ከግሮቭ ሲቲ አንድ ሰው በግቢያችን ብቅ ካለ ወሬው የወጣው ከዘውዱ አፍ ነው፤ እጅ ከፍንጅ እይዘዋለሁ። ራሴን አደነቅኩ።

ዘውዱን መሰላል ላይ አገኘሁት።

«ኮሚቴው አርብ ሦስት ሰዓት ነው የሚመጣው» አልኩት።

ፊቱ በራ። ከመሰላሉ ዱብ ብሎ ወረደ። «እርግጠኛ ነዎት ጋሼ?»

«አሁን ነው የነገረኝ።»

«ተመስገን! ሐሙስ ቢሆን ኖሮ ሪከንባከር ነበርኩ፤ ኦፍ ልጠይቅ ነበር። አርብ በጣም ጥሩ ነው ጋሼ!» አለና ስልኩን ከኪሱ እያወጣ ወደ ውጭ ሮጠ። በሩን ዘግቶ ማውራት ጀመረ። በመስታወቱ ሳየው እጁን እያወናጨፈ ይስቃል። ያዝኩህ አልኩ በሆዴ።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ሲሆን መጡ፤ ሁለት ወንዶችና አንዲት ፀጉሯ የሸበተ ሴት። ወንዶቹ መቀመጫ ቆጠሩ፣ የልብስ መቀየሪያውን አዩ፣ ሻወር ከፈቱ። ሴትዮዋ ግን በቀጥታ በረዶው ላይ ወጣች። አራት ቦታ በስታ ለካች፣ ሙቀቱን ለካች፣ ከዚያ ተንበረከከችና ጓንቷን አውልቃ መዳፏን አሳረፈችበት። እኔ ዘወትር የማደርገው ነው። ሌላ ሰው ሲያደርገው አይቼ አላውቅም ነበር።

«ይህን በረዶ ማነው የሚይዘው?» አለች። ማናጀሩ እኔን አመለከታት። ራሷን ነቀነቀችልኝ። ደስታዬን ልደብቅ አልቻልኩም፤ የምገባበት ጠፋኝ።

ማናጀሩ ግን ፊቱ ጥሩ አልነበረም። እነሱ ወደ ቢሮው ሲወጡ እኔን ወደ ጎን ሳብ አደረገኝ። «ዘውዱ የታለ?»

«ሪከንባከር። ሐሙስ አይደል?»

«ሰዎቹስ?»

«የትኞቹ ሰዎች?»

ትክ ብሎ አየኝ። ስልኩን አውጥቶ ደወለ፤ ሪከንባከር ሥራ ላይ ስልክ ይዞ መግባት አይፈቀድም፣ ሎከር ውስጥ ነው የሚቆለፈው። አልተነሳለትም። ማናጀሩ ፊቱ ቲማቲም መስሎ ደረጃውን ወጣ። ላይ ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ኮሚቴውን ሸኝቶ ሲመለስ ግን አጠገቤ ቆም አለና «ዘውዱ ዛሬ ጉድ አደረገን» አለኝ።

«አውቄ ነበር» አልኩት።

«ምኑን?»

ስልኩ ጠራና ትቶኝ ገባ። ማናጀሩም ነቅቶበታል ማለት ነው ብዬ ተደሰትኩ። ይህን ስናገር አሁን ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን ተደስቻለሁ።

ማታ እራት ላይ ሆኜ ዘውዱ ደወለ። «ጋሼ፣ ማናጀሩ ኮል አድርጎኝ ነበር። መልሼ ብደውል አያነሳም። ሰላም ነው?»

ጉርሻዬን ዋጥኩ። «ሰላም ነው። ነገን እንዳትረሳ ሊልህ ይሆናላ» አልኩት።

«እንዴት እረሳለሁ ጋሼ!» ብሎ ስቆ ዘጋ።

አርብ ከሦስት ሰዓት በፊት ዋናው በር ላይ ቆምኩ። አንድ የግሮቭ ሲቲ ሰላይ ነበር የጠበቅኩት። የመጀመሪያዋ መኪና የሂሩት ነበረች። እሷን ሳይ ልቤ በደስታ ዘለለ፤ ያዝኳቸው! ከኋላዋ ሌላ መኪና ገባ። ከኋላው ሌላ። ከዚያ ሌላ። የሚወርዱት ሁሉ የእኛ ሰዎች ናቸው። ብርቱካናማ የመጋዘን ሰደርያቸውን ያላወለቁ አሉ፤ ከሥራ በቀጥታ የመጡ ናቸው። ኢስተን በሚባለው ሰፈር ሆቴል የምታጸዳው ፍርዶስ አለች፤ ሊፍት የሚባለውን ታክሲ የሚነዳው ቶሎሳ አለ። ስቆጥር ሃያ ሁለት ሆኑ። እኔን ሲያዩ ይሳሳቃሉ፤ «ጋሼ ወርቅነህ አላወቁም እኮ!» ይባባላሉ።

ዘውዱ በዕቃ ክፍሉ በር ከነከረጢቱ ወጣ። አስፋልቱ ላይ ዘርግቶ ፈታው። ዱላዎች ናቸው። ጫፋቸው የቆለመመ፣ በቢላ ተፍቀው የለሰለሱ ዱላዎች። ከመካከላቸው ብርቱካን የምታክል የእንጨት ሩር ተንከባልላ እግሬ ሥር ቆመች።

«ይህ ምንድን ነው?» አልኩ።

«ገና ነው ጋሼ!» አለኝ ዘውዱ፣ ጥርስ በጥርስ ሆኖ።

ቃሉን ሲጠራው ሰማሁት። ና የምትለዋን ጠበቅ አድርጎ ነው የጠራት። ጨዋታው ገና። እኔ ስልኩ ላይ አላልቼ ነበር ያነበብኩት፤ ገና፣ አልደረሰም፣ ቆይ። ፊደሉ አንድ ነው። በሩን ያዝኩ።

ዘውዱ ግን እየተጣደፈ ያስረዳኛል። ለውድድሩ ያስገባነው ማመልከቻ ላይ የአካባቢው ሕዝብ ከሆኪ ጋር ያለው ትስስር የሚል ክፍል አለ፤ ከመቶ ሃያ ነጥብ ይዟል። ማናጀሩ የሚጽፈው ጠፍቶት ሲጨነቅ ዘውዱ «እኛ ሆኪ አናውቅም፤ ገና ግን እናውቃለን» አለው። ማናጀሩ በጣም ደስ አለው፤ የኮሎምበስ ኢትዮጵያውያን የራሳቸውን ጥንታዊ ሆኪ ለኮሚቴው በተግባር ያሳያሉ ብሎ ጻፈ። ዘውዱ ሜዳውን በእርምጃ ለካ፣ ዱላዎቹን ቤቱ ጋራዥ ውስጥ አንድ በአንድ ፋቀ። ሂሩት ከግሮቭ ሲቲ መጋዘኖች ሰው አሰባሰበች። ከዳተኛ ካለ እሷ ነበረች፤ የከዳችው ግን የራሷን አሬና ነው።

«አስቀድመው ቢሰሙ ጋሼ ይጠረጥራሉ፣ ፈረንጅ ይስቅብናል ብለው ይከለክሉናል ብለን ነው የደበቅንዎት። ሲያዩት ግን እንደሚወዱት አውቃለሁ። አንዱን ወገን የሚመሩት ደግሞ እርስዎ ነዎት!» አለና ዞር ዞር ብሎ ግቢውን አየ። «ጋሼ፣ ኮሚቴዎቹ የታሉ? አልዘገዩም?»

«መጥተው ሄደዋል» አልኩ። «ትናንት።»

ሳቁ ቀስ እያለ ከፊቱ ወረደ። ከዚያ ግንባሩን በመዳፉ መታ። «በቃ፣ ሐሙስ ብለውኝ አርብ ሰምቼ ነው! አምላኬ! ለዚህ ነው ማናጀሩ ኮል ያደረገኝ!» ወደ ሰዎቹ ዞረ። «ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ቀኑን የሰማሁት ተሳስቼ ነው።» አንዱ ሺፍት የቀየረው ስንት ለምኖ እንደሆነ ማጉረምረም ጀመረ። ሂሩት ታምሜያለሁ ብላ ነው የመጣችው፤ መኪናዋ ላይ ተደግፋ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

እውነቱን ልናገር፤ ዝም ልል ነበር። አርብ ማለቴን ደጋግሞ ሰምቶ እያለ እኔን ሳይሆን የራሱን ጆሮ ጠረጠረ፤ ጥፋቱን ራሱ ፈልጎ ራሱ ላይ ጭኖታል፤ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ዝም ብል ነገሩ እዚያው ተቀብሮ ይቀር ነበር። ዘውዱ ግን ሁለተኛ ጊዜ «ይቅርታ» ሲል ድምፁ ተሰበረ። አንጀቴን በላኝ።

«አልተሳሳትክም» አልኩት። «አርብ ያልኩህ እኔ ነኝ፤ ሐሙስ መሆኑን እያወቅኩ።»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ተናገርኩ፤ ስለ ከረጢቱ፣ ስለ ሂሩት ጃኬት፣ ስልኩን ስለማየቴ። ማታ ሲደውልልኝ የዋሸሁትንም ጭምር። መልእክቱን በቃሌ አልኩለት። እየተናገርኩ ሳለ ነገሩ ከጆሮዬ ገብቶ ለራሴም ይቀፈኝ ነበር።

ዘውዱ ስልኩን አወጣ፣ ወደ ላይ ጎተተ፣ አየ። ከዚያ አጠገቤ መጥቶ ዓይኔ ሥር ያዘልኝ። ከሂሩት መልእክት በላይ የእሱ ጥያቄ አለ፦ «ፈረንጆቹ የጨዋታው ስም ማነው ቢሉኝ በእንግሊዝኛ ምን ልበል?» ከሥሩ ነው የሷ መልስ። ከጠየቁ ገና ነው በላቸው። የሚጠይቁት ፈረንጆቹ ናቸው፤ እኔ ደግሞ በአንቱታ «ከጠየቁ» የተባልኩት እኔ ነኝ ብዬ ነበር።

«ጠብቆ ነው የሚነበበው፣ አቶ ወርቅነህ» አለኝ።

አቶ አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ጎንበስ ብሎ ዱላዎቹን ወደ ከረጢቱ መመለስ ጀመረ። ሰዎቹም የያዙትን እያመጡ ሰጡት። ላግዝ ብዬ አንዱን ሳነሳ ቶሎሳ ከእጄ ላይ ወሰደው፤ በጉልበት አልነበረም፣ እንዲሁ ወሰደው። ለማናጀሩ እውነቱን ልናገር ወደ ቢሮው ስወጣ እሱ ከኮሚቴው ጋር በስልክ ይነጋገር ነበር። ሦስቱም ሊመለሱ ኤርፖርት ደርሰዋል፤ ያየነውን ነው የምንመዝነው ብለውታል። የነገርኩትን ቆሞ ሰማኝ። ስጨርስ «ውጣ» ብቻ ነው ያለኝ።

ውጤቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ መጣ። ሪጅናሉ ለግሮቭ ሲቲ ሆነ። ማናጀሩ ደብዳቤውን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፈው፤ በስልኬ ፎቶ አንስቼው ቤት ስገባ ሉሊት ዝርዝሩን አነበበችልኝ። በአምስት ነጥብ ነው የተበለጥነው። የበረዶ ጥራት በሚለው ሃያ ከሃያ አግኝተናል፤ ሴትዮዋ ከጎኑ በእጇ አንድ መስመር ጽፋለች፣ ባለፉት ዓመታት ካየሁት ሁሉ የተሻለ በረዶ ይላል። የአካባቢው ሕዝብ ትስስር በሚለው ላይ ደግሞ፦ በማመልከቻው የተጠቀሰው ዝግጅት አልቀረበም፣ ሁለት ከሃያ። ሉሊት እስከ መጨረሻው አንብባ ስልኩን መለሰችልኝ። «አልጠየቅከውም አይደል?» አለችኝ። እንግሊዝኛውን ትታ በአማርኛ ነበር የተናገረችው።

ዘውዱ እስከ ታኅሣሥ አብሮኝ ሠራ። ሥራውን አላጓደለም፣ ክፉ ቃል አልተናገረኝም። አቶ ወርቅነህ በሩ ተከፍቷል። አቶ ወርቅነህ አምፖሉ ተቀይሯል። ከዚያ ሪከንባከር ሙሉ ቀን ተቀጠረና ሄደ። ሁለት ጊዜ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ሁለቱንም ጊዜ «ችግር የለም» አለኝ፤ ጣሪያ እያየ።

ሚያዝያ ላይ ኮምፕሬሰሩን አጠፋሁት። አሥራ አራት ዓመት የያዝኩት በረዶ በሦስት ቀን ውሃ ሆኖ በመውረጃው ሄደ። ሲሚንቶው ብቻ ሲቀር ክፍሎቹን እንዳጸዳ ታዘዝኩ። የዕቃ ክፍሉ በር ላይ ጓጉንቸሩ የለም፤ ከረጢቱ ግን ማዕዘኑ ላይ ቆሟል። ማንም አልወሰደውም።

ዱላዎቹን አንድ በአንድ እያወጣሁ ደረደርኳቸው። ሃያ ሁለት ናቸው። ከረጢቱ ሥር ሌላ አንድ አለ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ። ከሌሎቹ ይልቅ በደንብ ተፍቋል። መያዣው ላይ የሆኪ ተጫዋቾች ዱላቸውን የሚያለብሱበት ፕላስተር ወፈር ተደርጎ ተጠምጥሞበታል፤ የተሰነጠቀ መዳፍ እንዳይጎዳ። ፕላስተሩ ላይ በማርከር ተጽፎበታል። ወደ መስኮቱ ጠጋ ብዬ አነበብኩት።

«ጋሼ» ይላል።

እንደ ጠባዬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንድ ዓይነት ብቻ ነው የሚነበበው።